ስማችንን ይዘው የሰመጡ መርከቦች

በመስቀል አደባባይ ዳር የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ተከፈተ። ሐኪም የሆነ ሰው ወደዚህ ቤት ሲገባ ከሌላው ጎብኚ ጥቂት የተለየ ነገር ያያል። በመስታወት ውስጥ የተደረደረውን አጥንት ሲመለከት ሳያስበው የጭኑን አጥንት ርዝመት ይለካል፣ የራስ ቅሉን መገጣጠሚያ አይቶ ዕድሜ ይገምታል፣ የተሰበረው ከሞት በፊት ይሁን ከሞት በኋላ ይመረምራል። ይህ የትምህርታችን ልማድ ነው። ነገር ግን ያው ሐኪም ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ከነስማቸው የተሰቀሉትን ፎቶግራፎች ሲያይ ሳይንሱ ይጠፋበታል። እዚያ ያለው «የ20 ዓመት ገደማ ወንድ» መሆኑ ይቀርና የአንዲት እናት ልጅ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስም ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ ቀይ ሽብር አይደለም፤ ስለ ስም ነው። ከዚህ አደባባይ እምብዛም ሳንርቅ ተነሥተን ወደ ሩቅ ባሕር እንሄዳለን፤ ከዚያም ወደየዕለት ሥራችን እንመለሳለን። ውድ አንባቢ፣ መንገዱ ረዘም ቢልም መድረሻው የምናውቀው ቦታ ስለሆነ በትዕግሥት እንድትከተሉኝ እጠይቃለሁ።

ከመስቀል አደባባይ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ዳገት ከወጣን ካዛንቺስ እንደርሳለን። የድሮው ሰፈር አብዛኛው በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ስሙ ግን ከቤቶቹ በላይ ዕድሜ አግኝቷል። ስሙ የመጣው በወረራው ዘመን የጣሊያን መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት ይሠራበት ከነበረው ድርጅት ነው። የድርጅቱ ስም በጣሊያንኛ በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ስለነበር ቤቶቹ «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ለአፉ እንዲመች አድርጎ «ካዛንቺስ» አለው። ፒያሳና መርካቶም እንዲሁ ከዚያው ቋንቋ የተረፉ ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ስሞቹን ጥሎልን ሄደ። እኛም ያለ ብዙ ቅሬታ የራሳችን አደረግናቸው።

እኛ የእነርሱን ስም እንደያዝን ሁሉ እነርሱም የእኛን ስም ወስደው ነበር። የወሰዱት ግን ለመንደር መጠሪያ አልነበረም፤ ለጦር መርከብ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1938 ባለው ጊዜ ውስጥ የፋሺስት ጣሊያን ባሕር ኃይል አንድ ዓይነት ሥሪት ያላቸው 17 ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን አስገነባ። እያንዳንዳቸው 60 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖራቸው ከ40 በላይ ሠራተኞች ይጭኑ ነበር። የምድቡ መጠሪያ «አዱዋ» ነበር፤ ይኸውም የእኛ ዓድዋ ነው። በ1888 ዓ.ም. የተሸነፉበትን ቦታ በ1928 ዓ.ም. በመያዛቸው ቂማቸውን በብረት ላይ ጻፉት። ከቀሩት መርከቦች መካከል አክሱም፣ መቀሌ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ሽሬ፣ ተንቤን፣ አላጌ፣ አራዳም፣ አሸንጌ፣ ነገሌ፣ ደገሃቡርና ዋቢ ሸበሌ ይገኙበታል። የአገራችንን ካርታ ዘርግቶ በጣቱ እየነካ የሰየማቸው ሰው ያለ ይመስላል።

እነዚህ ስሞች በአጋጣሚ አልተመረጡም። አብዛኞቹ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ደም የፈሰሰባቸው ቦታዎች ናቸው። አምባ አራዳም፣ ተንቤንና ሽሬ በዚያ ዓመት በጥርና በየካቲት ወራት ታላላቅ ውጊያዎች የተደረጉባቸው ናቸው። አሸንጌ ደግሞ መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የተሸነፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ የዘነበበት ሐይቅ ነው። ስለ አሸንጌ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው ውሃው ነው፤ የተቃጠለና የተጠማ ሰው ሊጠጣና ሊታጠብ ወደ ውሃው ዳር ሲወርድ የሞት ወጥመድ ሆነበት።

የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን መርዝ ጠባይ ከመጽሐፍ እናውቀዋለን። ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባት መሰል ፈሳሽ ነው፤ በሣርና በአፈር ላይ ተኝቶ ይሰነብታል። የነካው ሰው ወዲያው አይሰማውም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ይቋጥራል፣ ይላጣል፤ ዓይኑ ያብጣል፤ መተንፈሻው ይቃጠላል። በባዶ እግሩ ለሚሄድ ወታደርና ለገበሬ ከዚህ የከፋ መሣሪያ አይታሰብም። ጣሊያን ይህን ዓይነቱን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ነበር። በቀይ መስቀል ስም የመጣው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ዡኖ በሰሜን ግንባር በጋዝ የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይኑ አይቷል፤ ኋላም ጽፎታል። በደቡብ ግንባር ደግሞ በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን ተደብድቦ በአልጋ ላይ የነበሩ ሕሙማንና አንድ ስዊድናዊ የሕክምና ባልደረባ ሞተዋል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው 60 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

የእነዚህን መርከቦች ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩ ዕለት ቀጥዬ የፈለግሁት የመጨረሻ ዕጣቸውን ነበር። ያገኘሁትም ይህ ነው። ከ17ቱ መርከቦች መካከል ጦርነቱ እስኪያበቃ የተረፈችው «አላጌ» ብቻ ናት። «ጎንደር» እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1940 በእስክንድርያ አቅራቢያ ሰመጠች። በዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ «ዓድዋ» ከነሠራተኞቿ ወደ ባሕሩ ወለል ወረደች። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም የጠፉት መስከረም 20 ነው፤ ደመራው በዚህ አደባባይ በተለኮሰ በአራተኛው ቀን መሆኑ ነው። «ነገሌ» በጥር 1941፣ «ተንቤን» በነሐሴ 1941፣ «ደገሃቡር» በነሐሴ 1942፣ «ደሴ» በኅዳር 1942 እያንዳንዳቸው በሜዲትራንያን ባሕር ጠፉ። «አላጌ» ራሷም ብትተርፍ ከሐዘን አላመለጠችም፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1942 የገዛ አገሯን አጥፊ መርከብ የጠላት መስሏት በቶርፔዶ መታች፤ በዚያ ላይ ከመቶ በላይ ሰዎች አለቁ።

አልዋሽም፤ ይህን ሳነብ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። «የዘሩትን አጨዱ» አልኩ በልቤ። በማይጨው የዘመተ ቅድመ አያት ያለው፣ ወይም ስለ የካቲት 12 ከአያቱ አፍ የሰማ ኢትዮጵያዊ ሌላ ነገር ቢሰማው ይገርማል። ስማችንን ያለ ፈቃዳችን ለድል ሐውልት አደረጉት፤ ባሕሩም ሐውልቱን በላው። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ለአንድ ምሽት ጨዋታ የሚበቃ ነበር።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ምክንያቱም ከመርከቦቹ አንዷ «መቀሌ» ነበረች።

«መቀሌ» ከሌሎቹ የምድቡ መርከቦች ተለይታ በቀይ ባሕር፣ በምጽዋ ወደብ የተመደበች ነበረች። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1940፣ በእኛ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ መርከቧ ወዲያውኑ ወደ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ ተላከች። በሰኔ ወር የቀይ ባሕርን ሙቀት ምጽዋን ወይም አሰብን የሚያውቅ አንባቢ ይገምተዋል። ቀን ቀን በውሃ ውስጥ የሚዋል፣ ሁሉ ነገር የተዘጋጋበት የብረት ዕቃ ያለ አየር ማቀዝቀዣ አይኖርበትም። ማቀዝቀዣውም ተገጥሞ ነበር። በቧንቧዎቹ ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ ግን ሜቲል ክሎራይድ ነበር።

ሜቲል ክሎራይድ በዘመኑ በቤት ማቀዝቀዣዎችም ይሠራበት ነበር። አደገኛነቱም የተሰወረ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1929 በቺካጎ ከተማ ከቤት ማቀዝቀዣ ያመለጠ ሜቲል ክሎራይድ ሰዎችን እንደገደለ በሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጥቷል። የዚህ ጋዝ ክፋቱ ቀለም የሌለው፣ ሽታውም ቀለል ያለና ጣፋጭ መሰል በመሆኑ ማንንም የማያስደነግጥ መሆኑ ነው። የሚያጠቃው ማዕከላዊውን የነርቭ ሥርዓት ነው። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይያያዛል፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፤ ሲብስ ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱንም ይስታል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሕክምናው በሽተኛውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ማስታገሥ ነው፤ በባሕር ውስጥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ግን ንጹሕ አየር ወዴት አለ?

ጋዙ በ«መቀሌ» ውስጥ አመለጠ። መርከበኞቹ እየተመረዙ መሆናቸውን የማወቅ ችሎታቸው ራሱ ተመርዞ ነበር። አቅጣጫ የሚቀምረው ሰው ቀመሩ ተሳሳተበት፤ መርከቧ ሰኔ 8 ሌሊት በሱዳን ጠረፍ ባር ሙሳ ከቢር በምትባል ደሴት አጠገብ ከኮራል ድንጋይ ጋር ተላተመች፤ ቆይታም ወደ ጥልቁ ተንሸራተተች። ሰዎቹ ወደ ደሴቲቱ ወጡ። ደሴቲቱ ጥላ የሌላት፣ ውሃ የሌላት የአሸዋ ቁራጭ ናት። ጥቂቶች በትንሽ ጀልባ ወደ ኤርትራ ጠረፍ እርዳታ ፍለጋ ሄዱ፤ የቀሩት በፀሐይ ሥር ተቀመጡ። ሌላ የጣሊያን ሰርጓጅ መርከብ መጥታ ያነሣቻቸው ሰኔ 15 ነው። በዚያ ወር ከምጽዋ በተነሡ በሌሎች የጣሊያን ሰርጓጅ መርከቦችም ይኸው ጋዝ ሰዎችን መርዟል፤ የገደላቸውም ነበሩ።

ከ«መቀሌ» ሠራተኞች አንዱ ከደሴቲቱ አልተነሣም። ካርሎ አቼፋሎ ይባላል። በሰሜን ጣሊያን፣ በፒዬሞንቴ አውራጃ ካስቲሊዮኔ ፋሌቶ ከምትባል የወይን አምራቾች መንደር የመጣ ወጣት ነበር። መርከቧ ከጠፋች ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ጓደኞቹም በራሳቸው መቆም እያቃታቸው አሸዋውን ቆፍረው ቀበሩት። እነርሱ ሄዱ፤ መቃብሩ ቀረ።

ከዚያ በኋላ 77 ዓመት አለፈ። ሪካርዶ ፕሬቬ የሚባል አርጀንቲናዊ የፊልም ባለሙያ ታሪኩን ሰምቶ መቃብሩን ፍለጋ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሰው በማይኖርባት በዚያች ደሴት ላይ አጥንቱ ተገኘ፤ በ2018ም ወደ ተወለደባት መንደር ተወስዶ ተቀበረ።

እኔን ያስቆመኝ ይህ ነው። «የዘሩትን አጨዱ» ያልኩትን ቃል አንሥቼ በዚህ ወጣት ላይ ላኖረው ስሞክር እምቢ አለኝ። በሐኪም ዓይን ያየሁት እንደሆነ፣ ይህ በጋዝ የተመረዘ የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት ነው። ትንፋሹ አጥሮ፣ ራሱን አዙሮት፣ ውሃ በሌለበት ቦታ ሞተ። በአሸንጌ ዳር የሞተውም ወጣት እንዲሁ በጋዝ የተመረዘ፣ ውሃ የፈለገ ነበር። አንዱን መርዝ በጭካኔ ከሰማይ አፈሰሱት፤ ሌላው በቸልተኝነት ከቧንቧ ፈሰሰ። በታሪክ ፍርድ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንድ ናቸው ማለትም በደልን ማቃለል ነው። በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ግን ሁለቱም በሽተኞች ናቸው። የሙያችን መሐላም የበሽተኛውን ባንዲራ ጠይቀን እንድናክም አልፈቀደልንም።

ታዲያ ይህ ርኅራኄ ከተገኘ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ እርሱም ይበልጥ ከባድ ነው። ለአንድ መርከበኛ 77 ዓመት ቆይቶም ቢሆን ፈላጊ ተገኘ። «ሽሬ» የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1942 በሃይፋ ወደብ አጠገብ ከ33 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ስትሰምጥ 60 ያህል ሰዎች በውስጧ አልቀው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ጣሊያኖች ጠላቂዎችን ልከው የ42ቱን አፅም አውጥተው በባሪ ከተማ በሚገኘው የጦር ሙታን መታሰቢያ አኖሩት። ስሟንም አልተዉትም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አገልግሎት የጀመረችው አዲስ ሰርጓጅ መርከባቸው «ሽሬ» ትባላለች። እንግዲህ በሽሬ ምድር የወደቀው የእኛ ሰው ስም የት አለ? በአሸንጌ ዳር የቀረውስ? በተንቤን ዋሻ የታፈነውስ?

ይህን የምለው ጣሊያኖች ሙታናቸውን በማስታወሳቸው ቅር ብሎኝ አይደለም። ሙታኑን የሚፈልግ ሕዝብ ይከበራል። ነገር ግን የእነርሱ ዝርዝር ሙሉ፣ የእኛ ደግሞ ባዶ መሆኑ ራሱ የጦርነቱ ቁስል ነው። በአበሻ ልማድ ሞት ሥርዓት አለው፤ መርዶ ይነገራል፣ ይለቀሳል፣ ይቀበራል፣ ሠልስቱና አርባው ይወጣል። ይህ ሁሉ ሐዘንን ደረጃ በደረጃ የሚያወርድ ሕክምና ነው ብል ከሙያዬ የወጣሁ አይመስለኝም። አስክሬን ያልተገኘለት፣ ስሙም ያልተጻፈለት ሰው ቤተሰብ ግን ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሞ ይቀራል። ወጥቶ ይቀመጣል፣ በር ሲንኳኳ ይነሣል። እንቅልፍ አጥተው፣ ደረታቸውን ይዘው፣ «ልቤን ወጋኝ» እያሉ ወደ ተመላላሽ ክፍላችን ከሚመጡ አዛውንቶች መካከል ስንቶቹ ያልተነገረ መርዶ ተሸክመው እንደሚመጡ ጠይቀን እናውቃለን?

የራሳችንም ባሕር ኃይል አለ። በ1940ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በየካቲት 1982 ዓ.ም. በምጽዋ በተደረገው ውጊያ መርከቦቹን አጥቷል፤ ከነርሱም ጋር የኢትዮጵያን መለዮ የለበሱ ወጣቶች በዚያው ውሃ ቀርተዋል። ከሻዕቢያ ወገን የወደቁትም ቢሆኑ የዚያው ዘመን ልጆች ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ተበተኑ። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ባሕርን ያላየ የደጋ ልጅ ነጭ ልብስ ለብሶ ፎቶግራፍ የተነሣባቸው ጊዜያት ዛሬም በአንዳንድ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይታያሉ።

ይህም ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው ብለን እንዳንጽናና፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን በተደረገው ጦርነት የሰማናቸውን የቦታ ስሞች እናስብ፤ ዓድዋ፣ አክሱም፣ ሽሬ፣ ተንቤን፣ መቀሌ፣ ደሴ። መርከቦቹ ላይ የተጻፈው ዝርዝር ነው። በዚህኛው ጦርነት ግን ገዳዩም ሟቹም እኛው ነበርን። ከየወገኑ የሞተውን፣ ወታደሩንም ሲቪሉንም፣ በስሙ መዝግቦ ለቤተሰቡ የማሳወቅ ዕዳ ገና በላያችን አለ።

እዚህ ላይ አንድ ሐኪም ምን ሊያደርግ ይችላል? ይባል ይሆናል። መልሱን የተማርኩት ከታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ነው።

ኢንተርን በነበርኩበት ዓመት፣ አንድ ሌሊት፣ መኪና የገጨው ወጣት ወደ ድንገተኛ ክፍል አመጡ። ከመስቀል አደባባይ ብዙ በማይርቅ መንገድ ላይ ወድቆ ነው የተገኘው። ራሱን ስቶ ነበር፤ ኪሱ ባዶ ነው። በካርዱ ላይ «ስሙ ያልታወቀ ወንድ» ብዬ ጻፍኩ። የደም ግፊቱን፣ የዓይኑን ብሌን፣ የሰጠነውን ፈሳሽ በሚገባ መዘገብኩ። ሊነጋጋ ሲል ሞተ። የሞተበትን ሰዓት ጽፌ ፈርሜ ወደ ሌላው በሽተኛ ሄድኩ።

ከሳምንት በላይ ቆይቶ አንዲት እናት ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ሆስፒታል ለሆስፒታል ሲዞሩ እንደሰነበቱ ልብሳቸው ይናገራል።

«ዶክተርዬ፣ ይህ ልጄ ነው፤ እዚህ መጥቶ ነበር?» አሉኝ።

ፎቶግራፉን አየሁ። የነበረው ይመስላል፤ አይመስልምም። በዚያ ሌሊት ያየሁት ፊት ያበጠና የቆሰለ ነበር።

«እማማ፣ ልጅዎ የተለየ ምልክት አለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ግራ ክንዱ ላይ እሳት ያቃጠለው አለ፤ በሕፃንነቱ ነው። ምነው፣ አየህበት እንዴ?»

ካርዱን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስለ ክንዱ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ የጠፋ ጥርስ፣ የሸሚዝ ቀለም፣ አንዱም አልነበረም። አስክሬኑም በዚያን ጊዜ በማዘጋጃ ቤት ተቀብሮ ነበር። «አዎን» ለማለትም «አይደለም» ለማለትም የማልችል ሆንኩ። እናትየው ፎቶግራፋቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ። ወደሚቀጥለው ሆስፒታል ነበር የሄዱት። ያንን ሰው ለማዳን አቅም ባይኖረኝም፣ ለእኚህ ሴት መልስ ለመስጠት ግን አንድ መስመር ጽሕፈት ብቻ ያስፈልገኝ ነበር። አልጻፍኩትም።

በቀይ ባሕር ደሴት ላይ የነበሩት መርከበኞች ታምመው፣ ተጠምተውና ተርበው ሳሉ የጓደኛቸውን መቃብር ማን እንደሆነ፣ የትም እንደሆነ እንዲታወቅ አድርገው ሄዱ። እኔ ግን ብዕር በእጄ፣ መብራት በራሴ ላይ፣ ካርዱ በፊቴ እያለ ያን ያህል አላደረግሁም።

የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ታሪክ ከላይ በመንግሥታት ብቻ የሚጻፍ ይመስለናል። እውነቱ ግን የአገሪቱ የሙታን መዝገብ በየሌሊቱ የሚጻፈው በእኛ እጅ ነው። በጤና ጣቢያው፣ በድንገተኛ ክፍሉ፣ በመስክ ሆስፒታሉ የሚሞላው ካርድና የሞት ማስረጃ የመጨረሻው የሰውየው ምስክር ይሆናል። ስሙ የታወቀ እንደሆነ ከነአባቱና ከነአያቱ መጻፍ፤ ያልታወቀ እንደሆነ ደግሞ ምልክቱን፣ ጠባሳውን፣ ጥርሱን፣ ልብሱን፣ የተገኘበትን ቦታና ያመጣውን ሰው መመዝገብ፤ ለሞቱም «ልብ ቆመ» ብሎ ከማለፍ እውነተኛውን ምክንያት ማስፈር ይገባናል። ይህ የወረቀት ሥራ ሳይሆን የሕክምናው የመጨረሻ ክፍል ነው። የበሽተኛውን ሕይወት ማትረፍ ሲያቅተን የምናተርፍለት ነገር ይኸው ስሙ ነው።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ስለ ዝና ይጠቀሳል። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ቃል በቃል ነው የምረዳው። የስሙ ባለቤት መቃብር ቢጠፋ እንኳ፣ አንድ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ በትክክል ከጻፈው፣ ስሙ ከአሸዋም ከውሃም በላይ ይውላል፤ ፈላጊውንም ይጠብቃል። በመስቀል አደባባይ ባለው ሙዚየም ከፎቶግራፎቹ ፊት ስቆም ያችን እናት አስባለሁ። ግድግዳው ላይ ያሉት ቤተሰቦቻቸው የት እንደቆሙ ያውቃሉ። እርሳቸው ግን እስከ ዛሬ በር ሲንኳኳ ይነሡ ይሆናል።